የጋሽ ንፋስ ጆሮ

መጋቢት 4

ሙቀቱ ገባ። ሙቀቱ ሲገባ ደግሞ በረንዳችን በቬንትሌተር ይሞላል... የጠረጴዛው፣ ቋሚው፣ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው። አንዱ አንገቱ ተሰብሮ፣ ሌላው የፊት ሽቦው ጠፍቶ። ሰው ዓመቱን ሙሉ አልጋ ሥር የረሳውን ላቡ ሲንጠፈጠፍ ነው የሚያስታውሰው። ሰፈሩ ባለቤቴን "ጋሽ ንፋስ" ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። እውነተኛ ስሙን የማያውቁ ጎረቤቶች አሉን።

ምሳ ቀርቧል ብዬ ደጋግሜ ጠራሁት። ዝም። በወጥ ቤቱና በበረንዳው መሃል ያለው እኮ መጋረጃ ብቻ ነው። ሄጄ ትከሻውን ነካ ሳደርገው ክው አለ። "ምነው እንደ ሌባ?" አለኝ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የጠራሁት ሰውዬ፣ እኔኑ ሌባ።

ሥራ ከያዘ ዓለምን ይረሳል። ድሮም እንዲሁ ነው... አይደል?

መጋቢት 9

ሽንኩርቴን ይዤ በረንዳ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል፣ አልነግረውም እንጂ።

ሞተሩ ውስጥ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ቡሽ ይላቸዋል። ዘይታቸው ሲደርቅ ይበላሉ፣ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ቬንትሌተሩ ይጮሃል። ሰው ሞተ ብሎ ሊጥለው ይነሳል። "ሞቶ አይደለም፣ ጠምቶት ነው" ይላል የኔው ሰውዬ። የደረቀውን ዘይት በቤንዚን ያጥባል፣ ዘንጉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ቡሹን ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ይነክራል። ነሐስ ዘይት ይጠጣል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ይጠጣል። እየጠጣ ትናንሽ አረፋ ይለቃል። አረፋው ሳያልቅ ቤቱ ቢቃጠል ከዚያ አይነሳም።

ከገጠመው በኋላ ደግሞ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ዓይኑን ጨፍኖ። "የድሮ ፍቅረኛህ ናት እንዴ የምታወራህ?" አልኩት። ሁልጊዜ የምለው ነው፣ ሁልጊዜም ይስቃል።

"እ?" አለኝ።

ደገምኩለት። ቀልድ ደግሞ ሲደገም ምን ይጣፍጣል። "ተወው በቃ" አልኩ።

መጋቢት 13

ሬዲዮኑ ግድግዳ ሊያፈርስ ነው። ቀነስኩት። መጥቶ ጨመረው። ቀነስኩት። ጨመረው። ተኮራርፈን ዋልን።

መጋቢት 17

የዛሬውን ልጻፈው።

ልብስ ሰፊው መጣ፣ ከታች መንገድ ላይ ሱቅ ያለው። ቬንትሌተሩን በነጠላ ሸፍኖ፣ የሰረቀ ይመስል ግራ ቀኝ እያየ። "ጋሼ አለ እንዴ እትዬ?" ሽቦ ሊገዛ ወጥቷል አልኩት። እፎይ አለ። ባለፈው ሳምንት ከኛ የወሰደው ነው፣ አብሬ ቆሜ ሸኝቼዋለሁ። የኔው ሰውዬ እንደ ልማዱ በካቻቢቴው አዳምጦ "አሁን ቅቤ ሆኗል" ነበር ያለው። እኔ ያኔ ሬዲዮኑ እየጮኸ ስለነበር ልብ አላልኩም።

ልብስ ሰፊው ሶኬት ላይ ሰካው። ሲጢጢጢጥ... ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት። እንኳን አጠገቡ ላለ፣ ማዶ ላለ ሰው ይሰማል።

"እንዳታስቀይሚብኝ እትዬ። ፊቱን ማየት ከብዶኝ ነው።"

እኔም ከበደኝ። ሸኘሁትና ቁጭ አልኩ። ሥራ ላይ ሆኖ ዓለምን መርሳት አይደለም። ኩርፊያም አይደለም። አልሰማውም... ያንን ጩኸት ጆሮው ላይ አድርጎ ቅቤ ነው አለ።

አንድ ዕድሜ በጆሮው የኖረ ሰው።

መጋቢት 18

ለሱ ልነግረው ነበር። ጠዋት ሻይ ይዤለት ሄድኩ፣ አፌን ከፈትኩ... "ዛሬ አምሮብሻል" አለኝ። በቃ፣ ዘጋሁት። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ጆሮህ ሄዷል ልበለው?

ወጣ ሲል የልብስ ሰፊውን ቬንትሌተር ከደበቅኩበት ከቁም ሳጥን ሥር አውጥቼ ፈታሁት። ስንት ዓመት ሳይ ኖሬ እንዴት ያቅተኛል ብዬ። ክንፉን አወጣሁ፣ ጀርባውን ከፈትኩ። ዘንጉን ስይዘው ቡሹ ውስጥ ይወዛወዛል። ማጠቡ፣ መንከሩ፣ አረፋ መጠበቁ... የት ጊዜ አለኝ፣ መምጫው ደርሷል። የበሩን ማጠፊያ የምንቀባበት ግሪስ ትዝ አለኝ። በጣቴ ዝቄ ጠቀጠቅኩበት። የተፈታውን ሽቦ በክር አሰርኩ። ገጠምኩ። ሰካሁ።

ጸጥ አለ።

አይ እኔ። ልዘፍን ምንም አልቀረኝም።

መጋቢት 23

ሌሎችም መለሱ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ ከኋላ ያሉት አሮጊት... ሁሉም ለኔ፣ ሁሉም በሹክሹክታ። ሰፈሩ በሙሉ ከጋሽ ንፋስ ተደብቆ እኔ ጋ ይመጣል። ሁሉንም በግሪስ ዝም አሰኘሁ። የበረንዳው ሁለተኛ ሠራተኛ ሆንኩ፣ በድብቅ።

ግሪሱን ከእጄ የማስለቅቀው በቤንዚን ነው። "እጅሽ ምን ቤንዚን ቤንዚን ይላል?" አለኝ። የልብስ ላይ ነጠብጣብ ሳስለቅቅ ነው አልኩት። ጆሮው ቢሄድ አፍንጫው አለ ለካ።

መጋቢት 29

ወሬ ሞልቶኛል፣ የሚሰማ የለኝም።

ድሮ ሥራውን ሲጨርስ በረንዳው ላይ ቁጭ እንልና የሰፈሩን እነግረው ነበር። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ታረቀ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች። "ወሬኛ" እያለኝ፣ በዓይኑ ደግሞ ቀጥይ እያለኝ። አሁን አንድ ነገር ለመንገር መጮህ ነው። ስጮህ የተቆጣሁ ይመስለዋል፣ "ምን አደረግኩ?" ይለኛል። አንዲት ትንሽ ሳቅ የምታመጣ ነገር በጩኸት ስትነገር ጠብ ትመስላለች።

ስለዚህ ተውኩት። ለሱ የነበረውን እዚህ እጽፋለሁ። ወረቀት ይሰማል፣ ይስማ... አይስቅም እንጂ።

ሚያዝያ 3

ልጃችን ደወለች። ከወለደች ወዲህ ድምጿን ካልሰማሁ አልውልም። ስልኩን ያነሳው እሱ ነበር። ገና "ሄሎ አባዬ" ከማለቷ "ቆይ ለእናትሽ ልስጥሽ" ብሎ ሰጠኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ሆኗል።

"እማዬ፣ አባዬ ተቀይሞኛል እንዴ?" አለችኝ።

ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። እሱ በረንዳው ጫፍ ቆሞ አፌን ያያል። ምን እንዳለችኝ ከከንፈሬ ሊለቅም።

ሚያዝያ 7

ዛሬ ሁሉም ነገር ተበላሸ።

ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ የልብስ ሰፊው ቬንትሌተር ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ስፌት ላይ እያለ ሞተሩ ግሎ፣ መጨስ ጀምሮ፣ ቀጥ አለ አሉ። ደንግጦ ሲሮጥ መጥቶ፣ እኔ ስለሌለሁ ለራሱ ለኔው ሰውዬ ሰጠው። ምን ያድርግ፣ አልፈረድኩበትም።

ነጩ ጨርቅ ላይ ጥቁር ግሪስ። የኔ ግሪስ። ቡሽ ውስጥ ግሪስ ሕይወቱን ሙሉ አስገብቶ አያውቅም። የነሐሱን ቀዳዳ ይደፍንና ዘይት አያስጠጣውም፣ ለጊዜው ዝም ያሰኝና ሞተሩን አንቆ ይገድለዋል እያለ ሌሎቹን ሠራተኞች ሲሳደብ አጠገቡ ስንቴ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዝም ማለቱን ብቻ ነበር የፈለግኩት... ድምፁ እንዲጠፋልኝ።

ቀና ብሎ አላየኝም። ሽቦው ላይ ያሰርኩትን ክር በጣቶቹ መሃል ያገላብጣል። የኔን ቋጠሮ። የዱቄት ከረጢት ላይ፣ የልጃችን ጫማ ላይ፣ የሱ ምሳ ዕቃ ላይ ሳስረው የኖርኩትን።

ክሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሚያዝያ 8

ዝም።

ሚያዝያ 9

ያልተሠሩትን ቬንትሌተሮች ለየባለቤታቸው እየተሸከመ መለሰ። "ሌላ ሰው ፈልጉ" ብቻ ነው የሚለው። ሰዉ እኔን ያየኛል። በረንዳው ባዶ ሆነ... ይህን በረንዳ በሙቀት ወር ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያበሰ በጨርቅ ጠቀለላቸው።

ምን አድርጌ ነው? ላድነው ብዬ አጠፋሁት?

ሚያዝያ 11

ቃል በቃል መጻፍ አለብኝ። አንዲት እንዳትጠፋብኝ።

ጠዋት ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቱ፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥኩ። አልነሳም ብዬ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

"ሁሉንም በግሪስ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ሁሉንም።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀና፣ ሳቁ መሃል ላይ ዓይኑ ሞላ። ከዓምና ጀምሮ ነው አለኝ። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ፣ ቀጥሎ የሻይ ማንኪያው፣ ቀጥሎ የልጃችን። ቀጭን ቀጭኑ ነው የሚሸሸው። የሞተሩን ወፍራም ድምፅ ይሰማዋል፣ ጩኸቱን ግን አይሰማውም። ለዚህ ነው ቅቤ የሆነለት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት፣ አፌን እንዲያየው ቀስ ብዬ።

"ብነግርሽ ዝም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ" አለኝ። ከዚያ እጄን ያዘ። "ሳልነግርሽም ዝም አልሽ። ቬንትሌተሩ ይቅር ግድ የለም። ወሬሽ ናፈቀኝ።"

እኔ ደግሞ ዝም ያልኩት እሱን ላለማድከም ብዬ ነበር። ይኸው ሁለታችን እየተዛዘንን ስንገዳደል ከረምን። አለቀስኩ። እሱም። ጎረቤት ቢያየን ሰው ሞቶባቸዋል ይል ነበር።

ቆይቶ "ወፍራም አድርገሽ አውሪኝ" አለኝ። እንዴት? ከሆድሽ አውጪው አለኝ። ሞከርኩ። እንደ ዘበኛ ጉሮሮዬን አወፍሬ፣ ሳልጮህ፣ ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብዬ የመድኃኒት ቤቷን ልጅ ወሬ ጀመርኩለት... ሰማኝ። እግዜር ይመስገን፣ ሰማኝ። እስከ ምሳ አወራሁ። ምሳው አረረ። ያረረውን በላን።

ሚያዝያ 15

ልጃችን መጥታ ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደችው። የጆሮው ነርቭ ነው አሉ፣ ያለቀው አይመለስም። ጆሮ ላይ የሚገባ መሣሪያ ይሠሩለታል፣ ለወሬ ይረዳዋል፣ ለቬንትሌተር ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ሐኪሙ ሲነግረው ከንፈሩን ሲያይ ቆይቶ "እንግዲያው በዘይት አይመለስም በለኛ" አለው አሉ። ሐኪሙ ሳቀ። ልጃችን ግን መኪና ውስጥ ስታለቅስ ነው የመጣችው።

"አባዬ ተቀይሞኝ መስሎኝ..." ትላለች። ወፍራም አድርገሽ ንገሪው አልኳት። አቅፋው፣ እንደ ወንድ አጉረምርማ፣ ምን እንዳለችው እንጃ። መልሶ ራሷን ሳማት።

ሚያዝያ 20

ዕቃዎቹ ከጨርቁ ወጡ። ሐሳቡ የኔ ነው፣ ግን የሱ እንደሆነ እንዲያስብ ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ የኔን ጥፋት ማጽዳት ነበረብን። በግሪስ የደፈንኳቸውን ሁሉ ከየቤቱ ሰበሰብን። ቡሾቹን በቤንዚን እያጠብን፣ ግሪሱን እየፈቀፈቅን፣ መልሰን ዘይት እያስጠጣን። በቡሹ ዙሪያ ዘይት የሚያቆረውን የሱፍ ጨርቅ ደግሞ እያረጠብን። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር በሳሙናም አይለቅም። "ሠራተኛ እንዲህ ነው" ይለኛል፣ ሲያሾፍ።

ሲገጠም እሱ ጣቶቹን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፣ መንቀጥቀጡን ያነባል። እኔ ካቻቢቴውን ይዤ አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም አንድ ጩኸት ነበር የሚመስለኝ። "ምን ይላል?" ይለኛል። ይጮሃል እለዋለሁ። "ሕፃንም ይጮሃል፣ ሴትዮ። ምን ብሎ?" አሁን መለየት ጀመርኩ። ሲጢጥ ካለ ቡሹ ደርቋል። ቋ ቋ ካለ ዘንጉ ወደፊት ወደኋላ ይንሸራተታል። ክርርር ካለ ቡሹ ተጣሞ ተቀምጧል፣ ያን ጊዜ በካቻቢቴው እጀታ የሞተሩን ጎን ኳ ኳ እያደረገ ያባብለዋል፣ ቡሹ ቦታውን እስኪይዝ።

ተጣላንም። በልብስ ሰፊው ቬንትሌተር ላይ እሱ "በቃ አሪፍ ነው" ሲል እኔ "አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ የማውቀው" አለ። "እኔ ነኝ የምሰማው" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። እሱ ግን ብሎኑን መልሶ ፈታ።

ሚያዝያ 26

ልጃችን ሕፃኗን ይዛ መጣች። ቬንትሌተሯንም። ልጅቷ በሙቀት አትተኛም፣ ቬንትሌተሩ ሲከፈት ደግሞ በጩኸቱ ትነቃለች። ይህን ከሠራችሁልኝ ሌላ ምንም አልጠይቅም አለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል ልጄ።

ከፈትነው። የፊቱ ቡሽ በአንድ ጎን ተበልቶ እንቁላል መስሏል። ዘይት የሚያድነው አይደለም። ከሞቱት ቬንትሌተሮች ክምር ውስጥ ሲቆፍር ዋለ። አንዱን ዘንጉ ላይ ይሞክራል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይሞክራል... በመጨረሻ አንዱ ልክ ገባ። ዘይት ውስጥ ነከረው።

አረፋው እየወጣ ሳለ ሕፃኗን አቀፋት። ማልቀስ ጀመረች። ቀጭን ለቅሶ፣ እሱ ጋ የማይደርስ። እኛን አላየም፣ ፊቷንም አላየም፣ ትከሻው ላይ ነበረች። መዳፉ ጀርባዋ ላይ ነበር።

"አለቀሰች አይደል?" አለ። "ተሰማኝ።"

ልጃችን ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። ሁለታችንም ጓዳ ምንም ጉዳይ አልነበረንም።

ሚያዝያ 27

ገጠምነው። ጠዋት፣ በረንዳው ላይ፣ ልጃችንና ሕፃኗ ውስጥ እያሉ።

ሰካሁት። ጣቶቹን አሳረፈ፣ እኔ አዳመጥኩ። ክርርር አልኩት። ኳ ኳ አደረገ። አሁንም ትንሽ አለ አልኩ። ኳ ኳ። ከኋላ በኩል አልኩ። የሱፍ ጨርቁ ላይ ጠብታ ዘይት ጨመረ፣ ክንፉን በእጁ አሽከረከረው፣ ደግሞ ኳ አደረገ። በጣም ቀስ አድርጎ፣ የተኛች ሕፃን የምትነቃበት ይመስል።

"አሁንስ? ምን ይላል?"

ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ጠበቅኩ። አነሳሁትና በባዶ ጆሮዬ ተጠጋሁ። ክንፎቹ ይሽከረከራሉ፣ ንፋሱ ጸጉሬን ከግንባሬ ያነሳዋል፣ መጋረጃው ይወዛወዛል... ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈለግኩት፣ ፈለግኩት። የለም።

"ምንም አይሰማኝም" አልኩት።

ከንፈሬን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

"እኔም" አለ።

አላጠፋነውም። ትከሻ ለትከሻ ቆመን ንፋሱን ተቀበልነው፣ ሁለታችንም እኩል እየሰማን።